የእንግሊዝኛ ደብተር ሳርም የሚያናድዱኝ ነገሮች

ደሴ ተማሪ አስጠናለሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጡ የሚመጡም አሉ። ከየትም ይምጡ፣ ደብተራቸው ላይ የማገኘው ስህተት ያው ነው።

ዋናው «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰው እሱ ነው! ከየት እንደሚመጣ አይጠፋኝም። በአማርኛ «ትናንት ፒያሳ አይቼዋለሁ» ቢባል ማንም አይስቅም። ልጆቹ መጨረሻዋን «አለሁ» በ«ሃቭ» ይተኩና ጨረስን ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን ያለፈ ቀን በስሙ ከተጠራ «ሃቭ»ን አያስጠጋም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «አጎ» ካለ «አይ ሶው ሂም» ነው፣ አለቀ። ቀኑን ካልጠራችሁ ወይም በ«ሲንስ» እስከ ዛሬ ካመጣችሁት ያኔ «ሃቭ» ይግባ። የሚገርመው ሕጉን ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ምርጫ ጥያቄም ላይ አይስተውም። አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን እዚያው ነው። የቆየ ፈተና ፎቶ ኮፒ አስደርጎ መልስ ማክበብ ሰዋስው አያስተምርም። ማታ ማታ ትናንት የዋላችሁበትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

«አልዞው» ብላችሁ ከጀመራችሁ መሃል ላይ «በት» አትድገሙ። «ዲስከስ አባውት» ውስጥ ያለውን «አባውት» አውጡት። «አይ አም አግሪ»ን ተዉት፣ አታናግሩኝ።

ግጥም ላይ ደግሞ ገና ሳያነቡት «ቲቸር፣ መልእክቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። መንዙማ እየሰማ ያደገ የወሎ ልጅ እንዲህ ሲል ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ያውም ሁለቴ። «ሲሚሊ (አንዱን ነገር በሌላው የሚመስል ዘይቤ) አለበት» ብሎ ማቆምም መልስ አይደለም። ምን ከምን ጋር ተመሳሰለ? ለምን?

ቤት አመታቱን በዓይን መፈለግ ሌላው ነው። የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ስለሚነበብ ዓይናችን ለምዶበታል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ዳኛው ጆሮ ነው። «ላቭ» እና «ሙቭ» መጨረሻቸው በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጻፋል፣ ድምፃቸው ግን አይገጥምም። ጫማ የሚሉት «ሹ» እና ሰማያዊ የሚሉት «ብሉ» አጻጻፋቸው ለየቅል ነው፣ ሲነበቡ ግን ቤት ይመታሉ። አንዱ ጎረምሳ «በፍጹም አይገጥሙም» ብሎ ሰሌዳው ፊት ተሟገተኝ። «እስቲ አንብባቸው» አልኩት። አነበበና ራሱ ሳቀ፣ ከዚያ ቤት እንደማይመቱ ለማሳየት «ኤ» እና «ቢ» ብሎ የጻፈውን አጥፍቶ ሁለቱንም «ኤ» አደረጋቸው። የቆየ ግጥም ላይ «ላቭ»ን እንደ «ሙቭ» ካሉት ጋር ተጋጥሞ ብታገኙት አትደንግጡ፣ የድሮ ገጣሚዎች ያደርጉት ነበር።