ኤምፒ3ን ወደ ዌቭ ብትቀይሩት ድምፁ አይጠራም

የድምፅ ፋይል ፎርማት ከመቀየራችሁ በፊት ይቺን ልብ በሉ። ኤምፒ3ን ወደ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ ወደሚያስቀምጥ ፎርማት) ስትቀይሩ ፋይሉ በአንዴ ያብጣል፤ ጥራቱ ግን ቅንጣት አይጨምርም። ኤምፒ3 ሲሠራ ጆሮ ብዙም አይለየውም የተባለው የድምፅ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ትርፉ ሜሞሪ መጨረስ ብቻ ነው።

የፋይሉን መጠን በዋናነት የሚወስነው ቢትሬት ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ ድምፅ የሚመደበው ዳታ። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ320 ከሆነ 2.4 ይደርሳል። በሲዲ ጥራት የተቀመጠ ዌቭ ግን በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የ60 ደቂቃ ቅጂ 600 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል! የተቀዳው ንግግር ብቻ ከሆነ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አድርጋችሁ በ64 ኪሎቢት አስቀምጡት፤ ለጆሮ በቂ ነው። ያው ቅጂ ወደ 29 ሜጋባይት ይወርዳል።

ኤምፒ3ን መልሳችሁ መላልሳችሁ አትቀይሩ፤ በየዙሩ ጥራት ይቀንሳል። ኦሪጅናሉን ዌቭ ደግሞ እባካችሁ አታጥፉት። ቦታ ከጠበባችሁ ወደ ፍላክ ቀይሩት፤ ከድምፁ ምንም ሳይጥል ያሳንሰዋል።