የክሪስታል ሰዓትን ሙቀት ስንቆጣጠር የሚበላሹ ነገሮች

የክሪስታል ሰዓት ጊዜ የሚቆጥረው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ፣ ማለትም በክሪስታሉ ነው፤ የንቅጥቃጤው ፍጥነት ደግሞ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ክሪስታሉ ላይ ማሞቂያ ለጥፎ ሙቀቱን ቋሚ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው አሠራሩ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት የማሞቂያውን ድግሪ በዘፈቀደ መምረጥ ነው። በአብዛኛው የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው 32,768 ኸርዝ (በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ) ክሪስታል በጣም የሚፈጥነው 25 ድግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይዘገያል። 20 ድግሪ ከራቀ በቀን ከ1 ሰከንድ በላይ ወደኋላ ይቀራል። 60 ድግሪ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ የ1 ድግሪ መዛባት ብቻ ፍጥነቱን ከሚሊዮን ከ2 እጅ በላይ ይለውጠዋል። 25 ላይ ቢሆን ያው 1 ድግሪ ምንም አይታወቅም ነበር።

ታዲያ 25 ላይ እናድርገዋ? አይሆንም። ማሞቂያ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ክፍሉ 30 ድግሪ የገባ ቀን መቆጣጠሪያው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ከ70 እስከ 90 ድግሪ ባለው ውስጥ የሚረጋ፣ ለማሞቂያ ተብሎ የተቆረጠ ክሪስታል ይፈልጉ። የመረጡት ድግሪም አካባቢው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ሙቀት በደንብ ይብለጥ።

ሁለተኛው ስህተት የቴርሚስተሩ (የሙቀት መለኪያው) ቦታ ነው። ማሞቂያው ላይ ከተለጠፈ የሚያነበው የማሞቂያውን ሙቀት ነው፤ ክሪስታሉ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። በጣም ካራቁት ደግሞ ዜናው ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ ሙቀቱም ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ክሪስታሉን፣ ማሞቂያውንና ቴርሚስተሩን አንድ ትንሽ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አንድ ላይ ማጣበቅ ይሻላል። የክሪስታሉን እግሮችም አይርሱ። ወፍራምና አጭር ሽቦ ሙቀቱን ጠጥቶ ወደ ቦርዱ ይወስደዋል። ቀጭንና ረዘም ያለ ይሁን።

የሚበራና የሚጠፋ ተራ ቴርሞስታት ለዚህ ሥራ አይሆንም። በበራና በጠፋ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው (የክሪስታሉ የንቅጥቃጤ ፍጥነት) አብሮት ይወዛወዛል። ሙቀቱ በጎደለው ልክ ማሞቂያውን ትንሽ ትንሽ የሚጨምር መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

የማሞቂያው ከረንት በኦሲሌተሩ (ክሪስታሉን በሚያንቀጠቅጠው ሰርኪዩት) የግራውንድ መስመር፣ ማለትም በከረንት መመለሻው፣ እንዳያልፍ። ካለፈ ሙቀቱ ሲስተካከል ቮልቴጁ ይናጋል፤ ፍሪኩዌንሲው የተረበሸው በሙቀት ይሁን በኤሌክትሪክ መለየት ያቅታል።

የመጨረሻው ስህተት ልክ እንዳበሩት መለካት ነው። ክሪስታሉ ያለበት ሳጥን ሞቀ ማለት ክሪስታሉ ረጋ ማለት አይደለም። ጥሩ ኦሲሌተሮች እስኪረጉ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋሉ። አጥፍተው ሲያበሩትም በትክክል ወደ ድሮው ቁጥር ላይመለስ ይችላል። ለትክክለኛ ሥራ ከፈለጉት ጭራሽ አያጥፉት።