የጦስኝ ሻይ ሌላ፣ የጦስኝ ዘይት ሌላ፦ ኤሴንሻል ኦይል ሳንጎዳ እንዴት እንጠቀም

እኛ ሰሜን ሸዋ ያደግን ሰዎች ከቅጠል ጋር የቆየ ፍቅር ነው ያለን። ጉንፋን ሲይዘን ባህር ዛፍ ተቀቅሎልን ጋቢ ተከናንበን እንታጠናለን፣ ምች ሲመታን ዳማከሴ ይታሽልናል፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ከመንዝ ወይ ከጣርማበር በኩል የመጣ ጦስኝ ሻይ ውስጥ ጣል ይደረጋል። እና እነዚህ ትንንሽ ጥቁር ጠርሙሶች፣ ኤሴንሻል ኦይል የሚባሉት፣ ከተክል የወጣ በጣም ጠንካራ የሽታ ዘይት የያዙት፣ ገበያው ላይ ሲመጡ ብዙዎቻችን ያው የምናውቀው ቅጠል ነው ብለን ዝም ብለን አመንናቸው። እኔም እንደዛ ነበርኩ።

አምና ክረምት ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ሄጄ አንገቴን ብርድ መታኝና አልዞር አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የጦስኝ ዘይት ነበረ፣ መዳፌ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ በምንም ሳላቀጥነው እንዲሁ በደረቁ አሸሁት። መጀመሪያ ሞቅ አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከዛ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ሚጥሚጣ የተቀባሁ መሰለኝ። ሮጬ በውሃ ታጠብኩት፣ ምንም አልረዳኝም። ማታ በመስታወት ሳየው የጣቶቼ ቅርፅ አንገቴ ላይ ቀይ ሆኖ ተስሏል፣ በአራተኛው ቀን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። እማዬ አይታ «ጦስኝ መቼ ሰው አቃጥሎ ያውቃል?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ቅጠሉ አቃጥሎ አያውቅም። ዘይቱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን እንዲህ አስቡት፣ ከ1 ኪሎ ትኩስ የነጭ ባህር ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣው ዘይት ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ማለት ሩብ ወይም ግማሽ ኪሎ ቅጠል ማለት ነው፣ ማን ነው ግማሽ ኪሎ ባህር ዛፍ የሚጠጣው? ጦስኝም እንደዛው፣ ሻዩ ውስጥ የምትገባው አንድ ቁንጥር ናት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ቆዳ የሚያቃጥለው ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባለው ነገር ተጠራቅሞ ነው። እናቶቻችን በቅጠሉ ያደረጉትን ሁሉ በዘይቱ እናድርገው ማለት አይሆንም።

ሌላ የሚያምታታ ነገር ደግሞ አለ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብለን የምንገዛው ብዙውን ጊዜ ፍሬው ተጨምቆ የወጣ ነው፣ እሱ እንደ ኑግና እንደ ሰሊጥ ዘይት ቅባት ነው፣ ኤሴንሻል ኦይል አይደለም። መለየት ከፈለጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና አቆዩት፣ ቅባቱ እንደ ወጥ ዘይት አስተላላፊ እድፍ ትቶ ይቀራል፣ ኤሴንሻል ኦይል ግን አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። ስትገዙ የተክሉ የላቲን ስም ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፣ ስሙም ቀኑም የሌለበት ሽታ ብቻ የሆነ ነገር ሽቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቆዳ ላይ አታድርጉ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። በጣም ቀላሉና እኔ ለሁሉም ሰው የምመክረው ማሽተት ብቻ ነው። ጥጥ ወይ ሶፍት ላይ 1 ጠብታ አድርጎ አጠገብ ማስቀመጥ፣ አለቀ። አፍንጫ ውስጥ ወይ ከንፈር ላይ መቀባት ግን የለም። ዲፊውዘር፣ ማለትም ዘይቱን ክፍሉ ውስጥ የሚበትነው ዕቃ፣ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከሰራ በኋላ አጥፉት፣ መስኮትም ገርበብ ይበል፣ የኛ ሀገር ብርድ በር ዘግቶ መቀመጥ እንደሚያስወድድ አውቃለሁ ግን የታፈነ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ራስ ምታት ነው ትርፉ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይባስ ብሎ ሊያስነሳበት ይችላል። ድመት ያለችበት ቤት ከሆነ መውጫ በር ይኑራት፣ የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች በደንብ አያስወግድም። እና እባካችሁ እጣን እንደምናጨሰው የጋለ ከሰል ላይ ጠብ አታድርጉት፣ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር ነው፣ ፊታችሁ ላይ ቦግ ሊል ይችላል።

መታጠን የምትወዱ፣ እኔም እወዳለሁ፣ በዘይት ከሆነ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ 1 ወይ 2 ጠብታ ይበቃል፣ ከዛ በላይ አይን ያቃጥላል። ውሃው ከምድጃ እንደወረደ ሳይሆን ትንሽ በረድ ሲል፣ አይን ተጨፍኖ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ልጅ በዚህ መንገድ አይታጠንም፣ ጋቢ ስር ሆኖ የፈላ ውሃ ጭኑ ላይ ሲገለበጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ በላይ ነው። ለራሳችሁም ቢሆን ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት እንጂ ጉልበታችሁ ላይ አታስቀምጡት።

ቆዳ ላይ ሲሆን ነው ዋናው ጥንቃቄ። ሁልጊዜ በሌላ ቅባት ይቀጥናል፣ በወይራ ዘይት፣ በሰሊጥ፣ በሱፍ፣ ባለው። ሂሳቡን በቃላችሁ ያዙት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ወደ 100 ጠብታ ይይዛል፣ ስለዚህ በአንድ የሻይ ማንኪያ ቅባት 1 ጠብታ ማለት 1 ፐርሰንት ነው። ለፊትና ለሽማግሌ ይሄ 1 ጠብታ፣ ለጤነኛ አዋቂ ሰውነት 2 ጠብታ። እንደ ጦስኝ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ያሉት ኃይለኞቹ ግን ከ1 ጠብታም ያነሰ ነው የሚፈልጉት፣ እኔ የጦስኙን ዘይት አሁን ቆዳዬ ላይ ጭራሽ ትቼዋለሁ፣ ሻዩ ይበቃኛል። ከመጠቀማችሁ በፊት የቀጠነውን ክንዳችሁ መታጠፊያ ውስጥ ትንሽ ቀቡና 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከቀላ ወይ ካሳከከ ያ ዘይት ለናንተ አይደለም።

ለፀጉር ሮዝመሪ፣ የጥብስ ቅጠል የምንለው ማለት ነው፣ አሁን ሁሉም ሰው ስለሱ ነው የሚያወራው። 1 የሾርባ ማንኪያ ቅባት ውስጥ ከ3 እስከ 6 ጠብታ በቂ ነው፣ ለጋ ቅቤ የምትቀቡም ቅቤው ለስለስ ሲል ጨምራችሁ በደንብ አዋህዱት፣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከቀረ እዛው ቦታ ላይ ነው የሚያቃጥለው። ቅቤው ፀሐይ ላይ ቀልጦ ወደ አይን ስለሚወርድ ግንባራችሁን በሻሽ እሰሩ።

ፀሐይ ካልኩ አይቀር፣ ተጨምቀው የወጡ የሎሚና ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ ዘይቶች ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ጥቁር ምልክት ለወራት ትተው ይሄዳሉ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ ጨረሩ ከቆላው ይብሳል። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ መሞቅ የምንወድ ሰዎች ይሄን ዘይት ፊታችን ላይ ባናስጠጋው ነው የሚሻለው፣ የተቀባ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት ያን ቦታ ፀሐይ አያሳየው።

ማታ እግር ሳፋ ውስጥ ለመንከር ደግሞ ዘይቱን ቀጥታ ውሃው ላይ አትጨምሩ፣ ውሃና ዘይት አይዋሃድም፣ ከላይ ተንሳፍፎ እግራችሁ ላይ በደረቁ ይለጠፋል። መጀመሪያ በማንኪያ ቅባት ቀላቅሉት፣ ከዛ ወደ ውሃው፣ ሳፋው ስለሚያንሸራትት ስትነሱ ተጠንቀቁ።

መጠጣት? አይሆንም። ቲክቶክ ላይ ውሃ ውስጥ 2 ጠብታ አድርጋችሁ ጠጡ የሚሉትን ተዉአቸው። ለሳል የጦስኝ ወይ የዝንጅብል ሻይ አለልን፣ ጠርሙሱን ወደ አፍ የሚያመጣ ምክንያት የለም። ለጥርስ ህመምም ቢሆን ቅርንፉዱን ራሱን ነክሶ መያዝ ይሻላል፣ ዘይቱ በደረቁ ድድ ያቃጥላል።

ልጆች ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ምንም አልጠቀምም። በተለይ ባህር ዛፍ፣ ፔፐርሚንትና ካምፎር ህፃን አፍንጫ ስር ወይ ደረት ላይ ሲቀባ ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። እርጉዝ የሆነች እህት የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ለሙሉ ብትተወው፣ ከዛም በኋላ ሐኪሟን ሳትጠይቅ ባትነካው እላለሁ፣ የጤና አዳም ዘይት ደግሞ በየትኛውም ወር አይሆንም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከባህር ዛፍና ከሮዝመሪ ዘይት ይራቅ።

ዘይቱን ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ የሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ አትገልብጡት፣ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ልጅም ውሃ መስሎት ያነሳዋል። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት፣ ከሎሚ ወገን የሆኑት ዘይቶች ከ1 ዓመት በኋላ ይበላሻሉ፣ ያረጀ ዘይት ደግሞ ካዲሱ ይልቅ አለርጂ ያስነሳል። እና ከመድኃኒት ጋር፣ የሚቆለፍ ቦታ፣ ከፍ ብሎ።

ቆዳ ካቃጠላችሁ እንደኔ ወደ ውሃ አትሩጡ፣ መጀመሪያ የምግብ ዘይት በጥጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ከዛ በሳሙና ታጠቡ። አይን ውስጥ ከገባ ግን ለብ ባለ ንጹህ ውሃ 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡ። ልጅ ከጠጣ፣ የባህር ዛፍ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላው እንኳ ልጅን ራሱን ሊያስትና ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፣ ስለዚህ እስኪ እንየው ብላችሁ አትጠብቁ። አታስመልሱት፣ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ወተት ያበርደዋል ብላችሁም አትስጡት። ጠርሙሱን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ፣ ምን ያህል እንደጎደለና ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣ ንገሯቸው።