በዲጂታል ካሜራ ፎከስን መቆለፍና የሹተር ቁልፍን ማስተካከል የሚቻለው እንዴት ነው?

ፎቶ የሚነሳበት የሹተር ቁልፍ በሁለት ደረጃ የሚሠራ ቁልፍ ነው። በቀስታ ጫን ሲያደርጉት መሐል ላይ ጣትዎን የሚገታ ትንሽ መቋቋም ይሰማዎታል፤ ካሜራው ፎከስ የሚይዘው፣ ማለትም የተነጣጠረበትን ነገር የሚያጠራው፣ እና ብርሃኑን የሚለካው እዚህ ሲደርሱ ሲሆን፣ ፎቶው የሚነሳው እስከ ታች ሲጫኑት ነው። መሐል ላይ ሳይቆሙ ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከተጫኑት ፎከሱ የት እንዳረፈ ሳያዩ ያነሳሉ፤ ካሜራውም ስለሚነቀነቅ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሜኑ ከመክፈትዎ በፊት ጣትዎን ያለማምዱ፦ ግማሽ ድረስ ይጫኑ፣ ጥቂት ይቆዩ፣ ይልቀቁ፣ መቋቋሙን ሳያስቡ እስኪለዩት ድረስ ይደጋግሙት።

ቀጥሎ የፎከስ ዓይነቱን ይምረጡ። ለማይንቀሳቀስ ነገር የሚሆነውን ኒኮን፣ ሶኒና ፉጂፊልም ኤኤፍ-ኤስ ይሉታል፤ ካነን ደግሞ ዋን ሾት ይለዋል። ከዚያ የፎከስ ነጥቡን ወደ አንድ ነጥብ ያጥብቡት፤ ምርጫውን ለካሜራው ከተዉት ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ነገር ስለሚይዝ፣ ፊት ፈልገው ሳለ ከፊት የተዘረጋ እጅ ጠርቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ነጥቡን ወደ እርስዎ በሚቀርበው ዓይን ላይ አሳርፈው ቁልፉን ግማሽ ድረስ ይጫኑ። ነጥቡ ቀለም ሲቀይር ወይም ድምፅ ሲሰማ ፎከሱ ተቆልፏል፤ ጣትዎን ሳያነሱ ፍሬሙን (በፎቶው ውስጥ የሚገባውን እይታ) አስተካክለው እስከ ታች ይጫኑ። የብርሃን ልኬቱ በአንዳንድ ካሜራዎች አብሮ ሲቆለፍ በሌሎች ግን ስለማይቆለፍ፣ ፍሬሙን ሲያዞሩ ፊቱ ከጨለመ ልኬቱን ኤኢ-ኤል በሚባለው ቁልፍ ለብቻው ይያዙት።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። የሌንሱ የብርሃን መግቢያ በሰፊው ተከፍቶ፣ ለምሳሌ በኤፍ 1.8፣ ከቅርብ የሚያነሱ ከሆነ ፎከስ ይዘው ካሜራውን አያዙሩ። የሚጠራው ቦታ ካሜራው ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው ሴንሰር ጋር ትይዩ የሆነ ስስ ንጣፍ ስለሆነ፣ ካሜራውን ሲያዞሩት ንጣፉም አብሮ ዞሮ ከዓይኑ ጀርባ ይወድቃል፤ ሽፋሽፍቱ ደብዝዞ ጆሮው አካባቢ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ የሚቆጠር ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ካሜራውን ከማዞር ይልቅ የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ ማንቀሳቀስ ይሻላል።

የሚሮጥ ልጅን ለማንሳት ኤኤፍ-ሲ፣ በካነን ሰርቮ፣ የሚባለው ተከታታይ ፎከስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግማሽ ድረስ መጫን ፎከሱን አይቆልፍም፤ ካሜራው መከታተሉን ይቀጥላል። በእኔ እምነት ሁለቱን የፎከስ ዓይነቶች ላለመቀያየር ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ፎከሱን ከሹተር ቁልፍ ላይ አንስቶ አውራ ጣት ለሚያርፍበት የኋላ ቁልፍ መስጠት ነው። ካነን ይህን አሠራር ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 በኢኦኤስ 630 ካሜራ ሲሆን፣ ዛሬ ሌንሳቸው በሚቀየር አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ይገኛል። በካነን የቁልፎችን ተግባር ከሚወስነው ሜኑ ውስጥ የሹተር ቁልፍ ግማሽ ሲጫን ብርሃን መለካት ብቻ እንዲጀምር ያድርጉ። በኒኮን የፎከስ ማስጀመሪያውን “ኤኤፍ-ኦን ብቻ” ወደሚለው ይቀይሩ፤ ኤኤፍ-ኦን ፎከስ የሚያስጀምረው የኋላ ቁልፍ ነው። በሶኒና በፉጂፊልም ደግሞ በሹተር ፎከስ መያዝን የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉት፤ ፉጂፊልም ለኤኤፍ-ኤስና ለኤኤፍ-ሲ ለየብቻ ስለሚጠይቅ ሁለቱንም ይመልከቱ። ኤኤፍ-ኦን የሚባል ቁልፍ ከሌለ ተግባሩን ከኋላ ላለው ለኤኢ-ኤል ቁልፍ መስጠት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ካሜራውን በኤኤፍ-ሲ ላይ ይተዉት። አውራ ጣትዎ ቁልፉን እስከያዘ ድረስ ፎከሱ ይከታተላል፤ ሲለቁት ባለበት ይቆለፋል። ሆኖም ካሜራውን ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ ቅንብሩን ይመልሱ ወይም ያስረዱት፤ የኋላውን ቁልፍ የማያውቅ ሰው የሚያነሳው ሁሉ ሊደበዝዝ ይችላል።

ቅንብሩን ለመፈተሽ ሦስት ጠርሙሶችን አንዱን ከሌላው ራቅ እያደረጉ በሰያፍ ያቁሙ። በኋላው ቁልፍ መካከለኛውን ይዘው አውራ ጣትዎን ያንሱ፤ ከዚያ ነጥቡን ወደ ፊተኛው ጠርሙስ አዙረው የሹተር ቁልፉን ግማሽ ድረስ ይጫኑ። ሌንሱ ከተንቀሳቀሰ ፎከሱ ገና ከሹተሩ አልተነሳምና ወደ ሜኑው ይመለሱ። ካልተንቀሳቀሰ ፎቶውን አንስተው በስክሪኑ ላይ አጉልተው ይዩት፤ መነበብ ያለበት የመካከለኛው ጠርሙስ ጽሑፍ ነው።