ዛሬም አልነሳም አለች፦ የማታስተማምን ትንሽ መኪና ችግርና መፍትሄ

መኪናዋን የገዛኋት በ2013 ዓ.ም. ነው። ባለ 1000 ሲሲ፣ ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና ናት። ነዳጅ አትበላም፣ ለማቆም አታስቸግርም ተባልኩ፤ እውነት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ቁልፍ ሳዞር ጠዋቱ ያልፋል። በስድስት ወር ውስጥ ባትሪ ቀየርኩ፣ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ቀየርኩ፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ቀየርኩ። ችግሩ የተገኘው ከሦስቱም ላይ አልነበረም።

"ለምን አትሸጣትም?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። ሸጬ ምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን በጣም ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ብዙዎቻችን ያለችንን ይዘን መቆየት ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ ካሳለፍኩት የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። ዋናው ነገር ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መለካት ነው። ትንሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ግዙና ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ዋጋው ከማንኛውም ባትሪ በብዙ ያንሳል።

ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩ አልዞር ሲል

መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ። ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ጫፎቹ በደንብ አልያዙም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ ጠቅ ካለና ዝም ካለ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ወይም የቁልፉ ማብሪያ ሊሆን ይችላል። ማርሿ አውቶማቲክ ከሆነች "ፒ" ላይ መሆኗን እዩ። እሱ ብቻ ሆኖ መካኒክ የጠራ ሰው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ለኩ። መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። ተነስቶም ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፣ ወይም የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል። ይህን ሳትለኩ አዲስ ባትሪ ብታስገቡ፣ አዲሱም በሳምንቱ ይወርዳል።

በባትሪው ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ፤ ከዚያ ፖዘቲቩን። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ በብረት ብሩሽ ፈትጋችሁ፣ አድርቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብዙ "ሞቷል" የተባለ ባትሪ በዚህ ብቻ ይነሳል።

የእኔ ግን በዚህም አልዳነችም። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ እያስገፋሁ ወሰድኳት።

"ጋሼ፣ ባትሪውም ሞተሪኖውም አዲስ ነው እኮ" አልኳቸው።

"አየሁት ልጄ። ማሳውንስ ማን አየው?"

የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አደረጉ። "በል ቁልፉን አዙር" አሉኝ። አዞርኩ። ቴስተሩ 1.8 ቮልት አሳየ። ጤነኛ ማሳ ላይ ግን ሞተሪኖው ሲሠራ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጥቁር ገመድ በቢላ ሰነጠቁት። ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ እንደ አመድ ይረግፋል። አዲስ ወፍራም ገመድ አስገቡ፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት እስኪያበራ ፈተጉት፣ አሰሩት። መኪናዋ ቁልፍ ሳልጨርስ ተነሳች። የገመዱ ዋጋ ለባትሪው ካወጣሁት ሩቡን አይሆንም። ለዚህ ነው ስለ ማሳ ይህን ያህል የምጽፈው። ቀላል ፍተሻ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ባትሪው ደህና፣ ዲናሞው ደህና ሆኖ ሁለት ቀን ስትቆም ከወረደ ደግሞ ቆማ ሳለች ባትሪውን የሚመጥጥ ነገር አለ ማለት ነው። መኪናዋን ቆልፋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትታችሁ ቴስተሩን በአምፒር በኩል በገመዱና በባትሪው መካከል አስገቡ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ፊውዝ የችግሩን መስመር ይነግራችኋል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ይቃጠላል። በእኛ አገር መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ቴፕ ነው።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

እዚህ ነዳጅ ወይም እሳት ጎድሏል። ቁልፉን "ኦን" ላይ አድርጉና ከኋላ ወንበር በታች አዳምጡ። ሁለት ሰከንድ ያህል እእእ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ የነዳጅ ፓምፑ ነው። ካልተሰማ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። በብዙ መኪኖች የጥሩምባው ሪሌና የፓምፑ ሪሌ አንድ ዓይነት ነው። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። የነዳጅ ሰልፍ ሲረዝም ብዙዎቻችን በቀይ መብራት ነው የምንነዳው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ፓምፑን በቶሎ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሩብ ታንክ ሲቀር መቅዳት ልመዱ።

ፓምፑ ከተሰማ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ። በቤንዚን ከራሰ እሳት የለም። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ መኪናዋ ቁልፋችሁን አላወቀችውም፤ ሌላውን ቁልፍ ሞክሩ።

ሙቀቱ ሲወጣ

ይህኛው ሞተር የሚገድል ችግር ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ትንንሽ መኪኖች ፋን የሚነሳው ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው፤ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። ራዲያተር ከማስወረዳችሁ በፊት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አውጥታችሁ ጎማውን እዩ። የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት፤ ስትገዙ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ፋኑን ፈትሹ። ኤሲ ስታበሩ ፋኑ ይነሳል? ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ ወይም ፋኑ ራሱ ነው። በከተማ ቆማ ስትጠብቅ ብቻ ከሞቀች ፋን ጠርጥሩ። በረጅም መንገድና በዳገት ብቻ ከሞቀች ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ውሃው በየሳምንቱ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካልታየ ደግሞ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በታች ያለው ጋስኬት ሊሆን ይችላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ከውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከወጣ ውሃና ዘይት ሳይገናኙ አልቀሩም። አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ከእርጥበት የተነሳ ትንሽ ሊታይ ይችላልና የዘይቱን መለኪያ ዘንግም አይታችሁ ወስኑ።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። "አገራችን ሞቃት ነው" እየተባለ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ) ይወጣና ይጣላል። አዲስ አበባ ጠዋት ምን ያህል እንደምትበርድ ሁላችንም እናውቃለን። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሳይሞቅ ይነዳል፣ ቤንዚን ያበዛል፣ ቶሎ ያልቃል። በኮምፒውተር ስታስነብቡ "ፒ 0128" የሚል ኮድ ከመጣ ሞተሩ መሞቅ የሚገባውን ያህል አልሞቀም ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ጭራሽ እንደሌለ የምታውቁት ያን ጊዜ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ ውስጡን ያዝገዋል፤ ኩላንት ሙሉ።

መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ የሙቀት መለኪያው ቀስት መውጣት ከጀመረ ኤሲ አጥፉ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ይሞቃችኋል፣ ግን የሞተሩን ሙቀት ይወስድለታል። ካልወረደ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን እንዳትነኩ፤ የሚፈነዳው ውሃ ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሳይቀዘቅዝ "እስከ ደጀን ትደርሳለች" ብሎ መንዳት ሞተር ማስወረድን ያመጣል።

ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ መብራት ላይ ትጠፋለች

ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በባህሪው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ለማጥፋት ገንዘብ አታውጡ። ከበፊቱ ከባሰ ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ አየር የሚያስገባውን ትሮትል እዩ። ጥቁር ቅባት ከያዘ በራሱ ማጽጃ ይታጠብ።

የሞተር መብራት በርቶ ኮዱ "ፒ 0301" ካለ ቁጥር አንድ ሲሊንደር እሳት እያመለጠው ነው። ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከመግዛታችሁ በፊት የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ "ፒ 0302" ከሆነ ችግሩ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ ኮይል ግዙ። እዚያው ከቀረ ካንዴላ ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኢንጄክተር ነው። ይህ ሙከራ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ዳገት አልወጣ ብላ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ከፍታውንም አስቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አራት ሰው ጭና በዝግታ ብትወጣ ታማ ላይሆን ይችላል።

ጭሱ፣ ድምፁ፣ ማርሹ

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ላስቲክ፣ ስትነዱ ሁሉ ከሆነ የፒስተን ፋሻ ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ የሚለው ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ወይም ቡሽ ነው፤ ርካሽ ነው። መሪ ጥግ ድረስ ስታዞሩ ቀጭ ቀጭ ካለ ከፊት ጎማ ጋር የተያያዘው የአክሰል ጆይንት ነው፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ሳይዘገይ አስቀይሩት።

ሲቪቲ (ያለ ደረጃ የሚቀያየር አውቶማቲክ) ማርሽ ያላት መኪና የራሷ ዘይት አላት። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላባት ማርሿ ይበላሻል። ዘይቱ ሲቀየር አጠገቡ ቁሙና የጣሳውን ጽሑፍ ራሳችሁ አንብቡ።

ጋራዥና ዕቃ

"ምናልባት እሱ ይሆናል" ከተባላችሁ "በምን አወቅክ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፣ ያሳያችኋል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። መልኩ አንድ ሆኖ ብሎኑ የማይገጥም ዕቃ ስንት ጊዜ አመላልሶኛል።

የሠራችሁትን ቀንና ኪሎ ሜትር ጻፉ። የእኔ ደብተር ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ነው። "ማሳ ገመድ ተቀየረ" ከሚለው መስመር በታች ለሁለት ዓመት ስለ መነሳት የተጻፈ ነገር የለም።

ሌላ ትንሽ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሻጩን "እስክመጣ ሞተር አታስነሳ" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሙቅ ከሆነ ተመልሳችሁ በነጋታው ጠዋት ኑ። እኔ የእኔን ያየኋት ቀን ኮፈኗ ሞቅ ብሎ ነበር፤ አልጠየቅኩም።