የትምህርት ቤት ማሻሻያ እቅድ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲሠራበት ቆይቷል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ እቅድና ከእሱ የሚቀዳ ዓመታዊ እቅድ እንዲኖረው ይጠበቃል። አብዛኛውም አለው፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ተብሎ በአራት ተከፍሎ፣ ማኅተም አርፎበት ተቀምጧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ግን 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ። ይህን ያህል እቅድ ባለበት አገር ይህ ውጤት ከመጣ፣ ከአስተቃቀዳችን መጀመር አለብን። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የምጽፈው ለርዕሳነ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮችና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ነው።

ልጆቹ ምን እንደሚችሉ ሳያዩ ማቀድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከእቅዱ በፊት የግለ ግምገማ እንዲደረግ መመሪያው ያዛል። ብዙ ጊዜ ግን ግምገማው ርዕሰ መምህሩና ሁለት መምህራን ቢሮ ተቀምጠው የሚሞሉት ቅጽ ሆኖ ይቀራል። የሚመለከቱት ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ዝርዝር፣ ነው፤ በሮስተሩ ላይ ደግሞ ሁሉም አልፏል። በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ያለ ብዙ መውደቅ ስለሚዘዋወሩ፣ ማንበብ የማይችል ልጅ ወረቀት ላይ ከሚያነበው አይለይም።

በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። ይህን ለማወቅ የውጭ አጥኚ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ትምህርት ቤት በሁለት ቀን ሊሠራው ይችላል። ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል ከየሴክሽኑ በስም ዝርዝሩ በእኩል ርቀት እየዘለላችሁ ወንድም ሴትም ልጆች ምረጡ። ከክፍላቸው መጽሐፍ ገና ያልተማሩትን አጭር ምንባብ ስጧቸውና አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው፣ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡ። በትክክል ያነበቧቸውን ቃላት ቁጠሩ፤ ስለ ምንባቡ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የሚያስነብበው የራሳቸው መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ መምህሩ ሊረዳቸው ይሞክራል፣ ልጆቹም ይፈራሉ። ለሂሳብም እንዲሁ መደመርና መቀነስ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ መምህራኑን ሰብስቡና ቁጥሩን አሳዩአቸው። ሰዉን ለመውቀስ ከሆነ ግን ባይደረግ ይሻላል፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ በተአምር አድጎ ታገኙታላችሁና።

የወረዳውን ቁጥር መቀበል

ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለትምህርት ቤት ያወርዳል፤ ማቋረጥን በዚህን ያህል መቀነስ፣ የማለፍ ምጣኔን እስከዚህ ማድረስ። ትምህርት ቤቱ ቁጥሩን ሰንጠረዡ ውስጥ ያስገባና እቅድ ወጣ ይባላል። በከተማ መሐል ያለ ትምህርት ቤትና ልጆቹ ወንዝ ተሻግረው የሚመጡበት የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ግብ ይዘው ይገኛሉ። ወረዳው ግብ ማውረዱ ካልቀረ፣ ቢያንስ የየትምህርት ቤቱን መነሻ ጠይቆ ከዚያ ይነሣ።

ከ12ኛ ክፍል መጀመር

የፈተናው ውጤት ሲያስደነግጥ ወረዳዎች የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው፦ ለተፈታኞች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የጥያቄ ወረቀት፣ ንቅናቄ። እኔ ማጠናከሪያውን አልቃወምም፤ ልጆቹ ዛሬ እዚያ ናቸው፣ ሊረዱም ይገባል። ግን የረዥም ጊዜ እቅድ አይደለም። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ጎበዞቹ መምህራን ወደ ላይኛው ክፍል ሲመደቡና 1ኛ ክፍል ለጀማሪው፣ ለታማሚው ወይም «ለሌላ ክፍል አይሆንም» ለተባለው ሲተው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባና ሰማንያ ልጅ ይዞ ፊደል ማስቆጠር ከባድ ሙያ ነው።

የሦስት ዓመቱ እቅድ አንድ ልጅ 1ኛ ክፍል ገብቶ 3ኛን እስኪጨርስ ያለውን ጊዜ ያህል ነው። እንግዲያው የእቅዱን ውጤት የምታዩት በእነዚያ ልጆች ላይ ይሁን፤ በመጀመሪያው መስከረም የተመዘገቡት በሦስተኛው ሰኔ አንብበው ይረዳሉ ወይ? ይህን አንድ ግብ ጽፎ ምርጡን መምህር 1ኛ ክፍል ላይ መመደብ፣ የመጻሕፍቱን ክፍፍል ከታች መጀመር፣ የሱፐርቫይዘሩን ጉብኝት ወደዚያ ማዞር ይቻላል። አዲሱ 6-2-4 አደረጃጀት (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ከመጣ ወዲህ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎች ትኩረቱን እንደገና ወደ ላይ ይስቡታል፤ ርዕሰ መምህሩ ይህን ግፊት መቋቋም አለበት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሻሻል

ትምህርት ቤቶች ደረጃቸው የሚለካበት የኢንስፔክሽን ስታንዳርዶች 26 ናቸው፤ ነጥቡም ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ከመቶ ሆኖ ተከፍሏል። ትምህርት ቤቶች 26ቱንም እቅድ ውስጥ ያስገባሉ፣ ገንዘቡን ግን የሚያውሉት በቀላሉ በሚታየው ላይ ነው፤ አጥር፣ በር፣ ቀለም፣ የመምህራን መዝናኛ። የውኃና የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ያለ እሱ ከፍ ያሉ ልጃገረዶች ይቀራሉና ቅድሚያ ይገባዋል። ለአጥሩ ግን አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ይህ ብር መጽሐፍ ቢገዛበትስ?

ለሦስት ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይበቃል። ሌላው ሥራ በመደበኛነት ይቀጥላል።

የአካባቢውን የጊዜ ሰሌዳ መርሳት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት መስከረም ይከፈታል፣ የድጎማ ገንዘቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። መስከረም ላይ ሊገዛ የታቀደ ነገር መጋቢት ላይ ይገዛል፣ ሪፖርቱም «ተከናውኗል» ይላል። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቁትን ሥራዎች ወደ መጀመሪያው መንፈቅ አምጧቸው፦ የመምህራን ምደባ፣ የእርስ በርስ የክፍል ጉብኝት፣ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት ለሚጠበቀው 60 ሰዓት አንድ ወጥ ርዕስ መምረጥ። 60ው ሰዓት በማንበብ ማስተማር ላይ ቢውል ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

በአርሶ አደር አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ በገበያ ቀንም ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ማቋረጥን እቀንሳለሁ የሚል እቅድ ልጆቹ የሚቀሩባቸውን ሳምንታት ካላወቀ ምንም አያደርግም። የመገኘት መዝገቡን በሳምንት ከፋፍላችሁ እዩት፤ ክፍተቱ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ነው።

ወላጅን ለመዋጮ ብቻ መጥራት

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የሚሰበሰበው ብር፣ ድንጋይና እንጨት ሲፈለግ ከሆነ፣ ወላጁም ስብሰባውን እንደ ግብር ያየዋል። ስለ ልጁ ንባብ ንገሩት። ያልተማረች እናት እንኳ ማታ «አንብብልኝ» ማለት ትችላለች።

እቅዱን በአንድ ሰው ላይ ማንጠልጠል

ርዕሰ መምህር ይዘዋወራል፣ የወረዳው ኃላፊ ይነሣል፤ ሦስት ዓመት አንድ ቦታ የሚቆይ ጥቂት ነው። በርክክብ ጊዜ ማኅተም፣ ንብረትና ቁልፍ ይቆጠራል፤ እቅዱን ግን ማንም አያስረክብም። አዲሱ ሰው የራሱን ይጀምራል፣ መምህራኑም ይህም ያልፋል ብለው ይጠብቃሉ። ወረዳው ሊያስተካክለው የሚችለው ነው፤ ተተኪው ቢያንስ አንድ ዓመት በነበረው እቅድ እንዲሠራ መወሰን፣ የንባብ ምዘናውን ውጤት ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዞ ማስፈረም፣ ተከታታይነቱን የሚይዝ ነባር መምህር መመደብ። የክላስተሩ (የተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርም የሁሉንም ትምህርት ቤቶች መነሻ ቁጥር በእጁ ይያዝ።

ግምገማን በሰኔ ብቻ ማድረግ

ሰኔ ላይ ማንም ምንም ማስተካከል አይችልም። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ የካቲት ከመግባቱ በፊት፣ መጀመሪያ ያነበቡትን ልጆች መልሳችሁ አስነብቡ። ያልተሻሻሉት በየትኛው ሴክሽን እንደሆኑ እዩና ለዚያ መምህር በሁለተኛው መንፈቅ ከጎኑ ሰው መድቡለት።