የቤት ቋሚ ከአፈሩ አፍ ላይ እንዳይበሰብስ

አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከመሬት የተነቀለውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ጫፉ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ከጣራው ሥር የነበረው ክፍልም ገና መጋዝ ያደክማል። ከአፈሩ ጋር እኩል የነበረው ቦታ ግን ተበልቶ እንደ ቅል አንገት ቀጥኗል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ለመኖር ውሃም አየርም ይፈልጋል፤ በጥልቁ አፈር ውስጥ አየር ያጥረዋል፣ ከፍ ባለው ግድግዳ ላይ ውሃ ያጥረዋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው በአፈሩ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብም ሆነ ጉልበት የተመጠነበት ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠብቅ የሚገባው ከአፈሩ ገጽ አንድ ስንዝር ወደ ላይና አንድ ስንዝር ወደ ታች ያለውን ክፍል ነው።

በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ፈንገስ አይነሣበትም፤ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ግን መበስበሱ ይፋጠናል። አንድ ቀን ዝናብ መትቶት በማግሥቱ ፀሐይና ነፋስ ያገኘ እንጨት አይጎዳም። የሚጎዳው ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይደርቅ የሚከርመው ነው።

እንጨቱ ሲመረጥ የዛፉ ዕድሜ ይታያል። የድሮ ሰዎች ለቋሚ ወይራና ጥድ ይመርጡ የነበረው ሁለቱም መበስበስንና ምስጥን ስለሚቋቋሙ ነው፤ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱም ለጋ ሆኖ የተቆረጠ። ለጋ ባሕር ዛፍ የሚበዛው ውጪኛው ነጣ ያለ ክፍሉ ነው፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። በተቻለ መጠን ወፈር ያለና በበጋ የተቆረጠ ይፈለግ። ቅርፊቱም ወዲያው ይላጥ፤ ያልተላጠ ቅርፊት እርጥበት ይይዛል፣ ለነቀዝም መጠለያ ይሆናል። የተላጠው እንጨት በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ እየተከፋፈተ፣ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ወር ቢደርቅ መልካም ነው።

ስለ ቅባት ብዙ ይባላል። ጫፉን በእሳት መለብለብ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የሚከስለው ስስ ቆዳው ብቻ ስለሆነ፣ ከሰሉም ስለሚሰነጣጠቅ፣ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ሬንጅ የተሻለ ነው፤ ይሁንና በደረቅ እንጨት ላይ ብቻ ይቀባ። እርጥብ እንጨት በሬንጅ ሲሸፈን ውሃው ታፍኖ ይቀርና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱም ጥቁሩን ገጽ እያየ በሰላም ይተኛል። ከጋራዥ የሚመጣውን የተቃጠለ ዘይት እኔ አልመክርም፤ ፈንገስን የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው፣ አፈሩንና የጉድጓድ ውሃን ይበክላል፣ ለእሳትም ያጋልጣል። በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የተነከረ ምሰሶ ከተገኘ ዕድሜው ከሁሉም የላቀ ነው። ሆኖም አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ፍርፋሪው ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከእንስሳት መኖና ከምግብ ማስቀመጫም እንዲርቅ ያስፈልጋል።

ከቅባት ሁሉ የሚበልጠው ቋሚውን አለመቅበር ነው። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ይሠራና ቋሚው በውስጡ በተቀበረ ብረት ይያዛል፤ የእንጨቱ ጫፍ ኮንክሪቱን እንዳይነካም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። እንጨት ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውሃን እጅግ ፈጥኖ ይጠጣልና ይህች ክፍተት ቀላል አይደለችም። ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ የጭቃ ቤት በነፋስ የማይነቃነቀው ቋሚዎቹ ስለተቀበሩ ነው። ካልተቀበሩ በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት መመታት አለበት፤ ያለዚያ ቤቱ ከመበስበስ ድኖ ያዘማል።

መቅበር ግድ ከሆነ ከጉድጓዱ ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይነጠፍ። ቋሚውን በኮንክሪት ጠቅልሎ አፉን ከመሬት እኩል መተው በብዙ በረንዳ የሚታይ ስሕተት ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፣ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃው እዚያ ገብቶ እንደ ስኒ ይከማቻል። ኮንክሪት ከተሞላ ሥሩ ለጠጠሩ ክፍት ይሁን፣ አናቱም ከአፈሩ ከፍ ብሎ ወደ ውጪ ያዘቅዝቅ።

የቀረው ሥራ ውሃን ማራቅ ነው። የጣራው ክፈፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። አሸንዳ ከሌለ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ስለዚህ በሚወድቅበት መስመር ላይ ጠጠር የተሞላ ቦይ ይቆፈር። የአበባ መደብን ከግድግዳ ጋር ማስጠጋት፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃን ከደጃፍ መድፋት፣ ግቢውን በገረጋንቲ እየሞሉ ከወለሉ ማስተካከል፣ ሁሉም ቋሚውን በእርጥብ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሲሚንቶ ልስንም ሲሰነጠቅ ውሃ ያስገባል፣ የገባውን ግን እንዲደርቅ አይፈቅድም፤ ከተለሰነም ታችኛው ጫፉ አፈሩን እንዳይነካ ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ ይቁም።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ወስፌ ይዞ ቤቱን መዞር በቂ ምርመራ ነው። ከቋሚው ሥር አንድ ስንዝር ተቆፍሮ ወስፌው ይሰካና ወደ ጎን ይፈለቀቃል። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ጭረቱ ረዝሞ እየተሰነጠረ ይነሣል፣ ድምፅም ያሰማል፤ የበሰበሰ ከሆነ እንደ ደረቅ ዳቦ በአጭሩ ይሰበራል። የእናቴን ማዕድ ቤት በዚህ መንገድ ስንመረምር ከውጪ ቀለሙ ያልተነካ የማዕዘን ቋሚ ወስፌውን እስከ እጀታው ዋጠው። በግድግዳው ላይ የምስጥ የአፈር መንገድ ከታየም እርጥበቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ያስፈልጋል።

የተጎዳው ቋሚ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይነቀልም። በመጀመሪያ ጣራው በባላ ወይም በክሪክ ይደገፋል፣ ቋሚው መበስበሱ ከሚታይበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ ይቆረጣል፣ ከሥሩም የኮንክሪት እግር ተሠርቶ በብረት ይያያዛል። ይህ የሚሠራው አንድ ቋሚ ብቻ እየተወሰደ ነው፤ ኮንክሪቱ አንድ ሳምንት እርጥበቱ ተጠብቆ ሳይጠነክር ባላው አይነሣም፣ ቀጣዩም ቋሚ አይነካም።